የመምህር ቺጎንዶ ወንበር

ቡሄራ፣ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለቴቴ ሎካዲያ፣

እርስዎ ደህና ካደሩ እኔም ደህና አድሬአለሁ። አባባ ደህና ናቸው፤ እማማም፣ ላሞቹም። ዝናቡ ዘንድሮ አልጎደለብንም፣ በቆሎው ቁመቴን አልፏል። የላኩት ፎቶግራፍ ደርሶናል። በረዶ መሀል ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። አባባ «ምን ጠፍቶባት ነው?» እያሉ ሲስቁ ሰነበቱ።

የምጽፍልዎ ሹቫይ ነኝ፣ የወንድምዎ ሦስተኛ ልጅ። ወደ እንግሊዝ አገር ሲሄዱ ጡት እንኳን አልጣልኩም ነበር። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። «ቴቴሽ ስልክ አትወድም፣ ጻፊላት» ያሉኝ አባባ ናቸው። ሌላው ሁሉ በስልክ እየተጯጯኸ እኛ ብቻ ፖስታ ቤት ስንመላለስ ሰው ይስቅብናል። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። እኔም ስልክ አልወድም።

አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ለአባባ እንዳይነግሩብኝ። እርስዎ የሚሠሩት ሆስፒታል ነው። ሰው መፍራትን የሚያድን ኪኒን እዚያ እንዳለ ሰምቻለሁ። ሰው ካየኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ የሚሮጥ ይመስለኛል። ሰው እንዳላገኝ ብዬ ትምህርት ቤት የምሄደው በመንገዱ ሳይሆን በጫካው ዞሬ ነው። ደግሞ የቺሄራ ጎሳ ሴቶች ነን። የቺሄራ ሴት ምላሷ በሬ ይጥላል እየተባለ እኔ ሱቅ ገብቼ ጨው ስጡኝ ማለት አቃተኝ። አባባ «ይቺስ ከሆስፒታል ተለውጣ የመጣች ናት» ይላሉ።

አንድ ብልቃጥ ይበቃኛል።

የወንድምዎ ልጅ ሹቫይ


ሌስተር፣ ኤፕሪል 9 ቀን 2017

ለውድ የወንድሜ ልጅ ለሹቫይ፣

እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኔም ደህና ነኝ። የአባቶቻችን ጥላ ከላይሽ አይነሳ።

ሐኪም ላላያት ልጅ በፖስታ የሚላክ ኪኒን የለም። ክሊኒክ ሂጂና ለነርሷ ንገሪያት። በዐሥራ አምስት ዓመት ሁሉም ሰው ያፍራል፤ ያልፋል። ትምህርትሽን ጠንክሪ፣ አባትሽን እሺ በይ።

ሹራብ ልኬልሻለሁ። እዚህ አሁንም ይበርዳል።

አክስትሽ ሎካዲያ


ቡሄራ፣ ጁን 4 ቀን 2017

ለተከበሩ ቴቴ፣

ደህና ከሆኑ ደህና ነኝ። ሹራቡ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። እጅጌው ረጅም ስለሆነ የእጄን መንቀጥቀጥ ይሸፍንልኛል።

ክሊኒክ ሂጂ ባሉኝ መሠረት ሄድኩ። ሦስት ሰኞ ተከታትዬ «ሆዴን» እያልኩ ሄድኩ። በሦስተኛው ነርሷ «ሆድሽ ደህና ነው። ውጪ ዛፉ ሥር አምቡያ ማሩቫ አሉ፣ እሳቸው ጋ ሂጂ» አለችኝ። አምቡያ ማሩቫን ያውቋቸዋል፣ ሁላችንም አያት የምንላቸው የወፍጮ ቤቱ አሮጊት ናቸው። ክሊኒኩ አሠልጥኗቸው፣ አሁን ዛፉ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሐሳብ የበዛበትን ሰው ያዳምጣሉ።

«ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚያም ሆድ?» አሉኝ። «ቀን መቁጠር ያውቃላ። ስንተኛ ክፍል ደረሰ?»

ለውዝ እየፈለፈሉ ነበር፤ ግማሹን ወደ እኔ ገፉት። እስከ ቀትር ድረስ አንድ ቃል ሳንነጋገር ፈለፈልን። ስነሳ «በሚቀጥለው ሰኞም ለውዝ አለ» አሉ። እንዲህ እያልን ሦስት ሰኞ አሳለፍን። በአራተኛው «ምንድነው የምትፈልጊው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መምህር ቺጎንዶ እንዲሞት» አልኩ። ለእናቴ እንኳን እንዲህ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለውዙን ሰብረው «እሱስ አይቀርለትም። ምን አድርጎሽ ነው?» አሉ።

ለእሳቸው የነገርኳቸውን ለእርስዎም ልጻፍ። የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የክፍሉ አዲስ ተማሪ ነበርኩና እያወቀው ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አልተሰማም» አለ። ደገምኩለት። «ጮክ በይ። ከብቶቹ አልሰሙሽም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ። የራሱን ወንበር አመጣና ከላዩ ላይ አቆመኝ። «ስምሽን እስክንሰማ እዚያው ነሽ» አለኝና ማስተማሩን ቀጠለ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆምኩ። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ የተገኘው ውሃ ከሰማይ የመጣ አይደለም፤ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዝናብ ነው። ሱቅ ስገባ ባለሱቁ ሲምባራሼ «ዝናብ መጣች፣ ያሰጣችሁትን አንሱ» ይላል።

ይህ ሰው በየእሑዱ ቤታችን ይመጣል። አያቴና የእሱ አባት ሳህዊራ ተባብለው ተማምለዋል፤ ስለዚህ አባባና እሱም ሳህዊራ ናቸው፣ ከወንድም በላይ። እኔ ተንበርክኬ እጁን አስታጥበዋለሁ። «ዝምተኛ ልጅ፣ ጨዋ አሳድገሃል» እያለ የሳድዛ ገንፎውን ይጠቀልላል። ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንቱ ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ በወረቀት ላይ ግን አልለውም።

ያን ዕለት ማታ ለአባባ በሹክሹክታ ነግሬአቸው ነበር፤ አልሰሙኝም። ከእንግዲህ ለማን ልንገር? ያልፋል ብለውኝ ነበር። ስንት ዓመት ይፈጃል?

ሹቫይ


ሌስተር፣ ኖቬምበር 19 ቀን 2017

ለሹቫይ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ለአባትሽ የደም ግፊት መለኪያ ልኬአለሁ፣ በየጠዋቱ ይለካ። ለእናትሽ ሻርፕ። ላንቺ ብዕር።

እዚህ ቅጠሉ ረግፎ አለቀ።

ያቺን አሮጊት እንዳትተያት።

ሎካዲያ

ይህንንም ልጠይቅሽ፦ ወንበሩ፣ ከመደገፊያው በስተግራ አንድ እንጨት የጎደለው ነው?


ቡሄራ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 2018

ለተከበሩ ቴቴ፣

አዎ። በስተግራ አንድ እንጨት ይጎድለዋል።

እንዴት አወቁ ብዬ አልጠይቅዎትም፤ አምቡያ ማሩቫ «ሰው እስኪዘጋጅ ለውዝ ፈልፍይ» ስለሚሉ። ግን እስከ ዛሬ ደህና ካደሩ ደህና ነኝ ስል የነበረው ውሸት ሆኖብኛል። ምናልባት ሁለታችንም ደህና አላደርንም።

ወሬ ላውራዎት። አምቡያ ማሩቫ «እሺ፣ ሰውየው ሞተ እንበል። ምን ታደርጊያለሽ?» አሉኝ። ያኔ ነው የበራልኝ። እኛ ሳህዊራዎቹ ነን! በለቅሶው ቀን ሟቹን መስሎ መጫወት የእኛ ቤት መብት ነው። ኮቱን ለብሶ፣ አረማመዱን ቀድቶ፣ በሕይወቱ የሠራውን ጉድ በሕዝብ ፊት ቢዘረግፉበት ሚስቱ አትቀየም፣ ልጆቹ አይቀየሙ፣ ቄሱ አፍ አይዘጋ። በዚህ ምድር ላይ እኔ ያንን ሰው ያለ ቅጣት የምናገርበት አንድ ቀን ብቻ አለ፤ እሱም ተገንዞ የሚጋደምበት ቀን ነው።

«በጣም ጥሩ» አሉ አምቡያ። «ግን አንቺ ጨው መግዛት አትችዪም። አራት መቶ ሰው ፊት እንዴት ልታደርጊው ነው?»

ከዚያ ወዲህ በየሰኞው ሥራ ይሰጡኛል። መጀመሪያ በጫካው መሄድ ቀረና በመንገዱ መሄድ። ቀጥሎ አንድ ሰው ሰላም ማለት፣ ቀጥሎ ሁለት። ሁልጊዜ ከመሄዴ በፊት ምን እንደምፈራ ይጠይቁኛል፣ ስመለስ ደግሞ ምን እንደሆነ። «ይስቁብኛል ብለሽ ነበር። ሳቁ?» «አንዷ ሳቀች።» «ሞትሽ?» «አልሞትኩም።» ጉሮሮዬ ሲዘጋ እግሬን መሬት ላይ አጥብቄ፣ ፊት ለፊቴ ያለውን አንድ በአንድ መቁጠር አስተምረውኛል። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ገባሁና ጨው ስጠኝ አልኩ። ሲምባራሼ ደነገጠ፣ ስኳር ሰጠኝ። ስኳሩን መልሼ ጨው ነው ያልኩት አልኩ። ሁለተኛው ቃል ከመጀመሪያው ይቀል ነበር።

ለፍየሎቹ ደግሞ እሱን እየሆንኩ አሳያቸዋለሁ። አካሄዱ ወጥቶልኛል። ሰውየው እንደሆነ እንደ በሬ ጤነኛ ነው። አልቸኩልም፣ ገና ልምምድ ይቀረኛል።

ሹቫይ


ሌስተር፣ ማርች 25 ቀን 2018

ለልጄ ለሹቫይ፣

ደህና አይደለሁም። ይህን ጽፌ ለመላክ ስድስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ዘመኑ 1988 ነው። እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመቴ፣ እሱ ገና ከማሠልጠኛ መውጣቱ። ወንበሩን አባቱ ነበር የሠራለት፣ ያኔም እንጨቱ ጎድሎ ነበር። እኔን ሦስት ቀን አቆመኝ። ቤት ገብቼ ለአባቴ ልናገር ስል እሱ ከአባቴ ጋር ቢራ እየጠጣ አገኘሁት። ተንበርክኬ እጁን አስታጠብኩ። ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው አልኩና ፈጀው።

ነርስ ናት እያላችሁ ታወራላችሁ። ነርስ አይደለሁም። የጽሑፉን ፈተና አልፌ ነበር። ከዚያ ለቃል ፈተና አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ፤ ከጠረጴዛ ጀርባ አምስት ሰው ተቀምጧል። ስሜን ጠየቁኝ። ስሜን ብቻ። ወጥቼ ሄድኩ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ የምሠራው ምድር ቤት፣ መቀስና ጉጠት የሚቀቀልበት ክፍል ነው። መቀስ ስም አይጠይቅም። ስልክ ሲጠራ ትራስ እደርብበታለሁ። ወንድሜ ናፍቆኝ በሩ ላይ ተቀምጬ ስልኩ እስኪዘጋ የምጠብቅበት ቀን አለ።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ ሠላሳ ዓመት ሁለቱንም ይዣለሁ፤ የምጸልየውም ስለ ቂሜ ነው። ያልፋል ስልሽ ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በዪኝ።

ገንዘብም ዕቃም አልሰጥሽም ዛሬ። የምሰጥሽ ይህንን ነው፤ ጻፊው፦ «ጮክ በይ» ከማለቱ በፊት ሁለቴ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጠመኔውን በቀለበቱ ላይ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። «ከብቶቹ» ሲል ተረከዙን ያነሳል፣ አጭር ስለሆነ። ይህን ከአንቺ ሌላ ሰው ሊያደርገው አይገባም። ቀኑ ሲደርስ የኔንም ጨምሪልኝ።

ሎካዲያ


ቡሄራ፣ ጁላይ 8 ቀን 2018

ለተከበሩ ቴቴ፣

ደብዳቤዎን ለአምቡያ ማሩቫ አነበብኩላቸው፤ አይቆጡ። ለውዛቸውን አስቀመጡና «አክስትሽ ባለችበት አገር አግዳሚ የለም?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄውን እንዳለ ልኬልዎታለሁ።

ሰውየው ታሟል። ኩላሊቱ ነው ይላሉ። እግሩ አብጦ ማስተማር አቁሟል። አባባ በየቀኑ እየሄዱ ያጫውቱታል። ትናንት ተመልሰው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሳህዊራዬ ኑዛዜ ተናገረ። በለቅሶዬ ላይ እኔን የምትጫወተው ያንተ ልጅ ሹቫይ ናት አለ። ‘ሦስት ዓመት ትክ ብላ አይታኛለች። ከእሷ የተሻለ የሚያውቀኝ የለም’ አለኝ።» አባባ ተኩራርተው ሊሞቱ ነው።

ሌባ! ቀኔን ሰረቀኝ። ወራት ሙሉ በስውር የሳልኩትን ቢላ እሱ ራሱ በትሪ አድርጎ አቀረበልኝ። በቀሌን እንኳን የቤት ሥራ አደረገው። ታዲያ ረስቶት አልነበረም ማለት ነው? ረስቶት ባይሆንስ፣ እንዴት በየእሑዱ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ? ተናድጄ ለአምቡያ «አላደርገውም» አልኳቸው።

«በሬው ራሱ አንገቱን ሰጠ ብለሽ ትተዪዋለሽ?» አሉኝ። «ኮቱን ነው የሰጠሽ። የምትናገሪውን አልሰጠሽም።»

ምን ይመክሩኛል?

ሹቫይ


ሌስተር፣ ጁላይ 29 ቀን 2018

ሹቫይ፣

አድርጊው። ጆሮዬን ወደዚያ አዙሬ እቀመጣለሁ።

ሎካዲያ


ቡሄራ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2018

ለተከበሩ ቴቴ ሎካዲያ፣

መምህር ቺጎንዶ ባለፈው ረቡዕ ሞተ፣ ዓርብ ተቀበረ። እንዳዩት ሆነው እንዲያነቡት ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ከአራት መቶ በላይ ሰው ነበር። ተማሪዎቹ ዩኒፎርም ለብሰው ተሰልፈዋል። ባለቤቱ ግራጫ ኮቱን አመጡልኝ፤ ኪሱ ውስጥ ጠመኔ ነበረበት። መነጽሩንም አደረግሁ። «ወንበሩ የት አለ?» ብዬ ምራቱን ጠየቅኋት፤ ሮጣ አመጣችልኝ፣ ሳታውቅ።

ሁለቴ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ገና ሲሰሙት ባለቤቱ እያለቀሱ በሳቅ ፈረሱ፤ «ውይ፣ እሱ ራሱ!» አሉ። ጠመኔውን ቀጭ ቀጭ አደረግሁ፣ ተረከዜን አነሳሁ። ሴቶቹ ጎናቸውን ያዙ። አባባ ከሁሉ በላይ እየሳቁ፣ በሳቁ መሀል ሳህዊራቸውን እያለቀሱ ነበር። እስከዚህ ድረስ ደስ የሚል ለቅሶ ነበር።

ከዚያ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ልክ እንደዚያን ቀን። እርጥበቱም ሊደገም ነው አልኩ። አምቡያ ማሩቫ ከፊት መደብ ላይ ተቀምጠው ለውዝ ይፈለፍላሉ፤ ቀና ብለው እንኳን አላዩኝም። አንድ ለውዝ ቀጭ አደረጉ። እግሬን መሬት ላይ አጠበቅሁ። ቆጠርኩ፦ ሁለት አካፋ፣ አንድ ከበሮ፣ የቄሱ ጫማ፣ የሣጥኑ እጀታ። አየር ገባልኝ።

ወንበሩን አንስቼ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ አኖርኩት። ወደ ሣጥኑ ዞሬ በእሱ ድምፅ፦

«ስምህ ማነው?» አልኩ።

ሰው ሳቀ።

«አልተሰማም።»

አሁንም ሳቁ።

«ጮክ በል። ከብቶቹ አልሰሙህም።»

ከኋላ የተማሪዎቹ ሳቅ ቀጥ አለ። ትልልቆቹም አንድ በአንድ ዝም አሉ።

«ስምህን እስክንሰማ እዚሁ ነን» አልኩና ጠበቅሁ።

ቴቴ፣ ጠበቅሁ። ሳህዊራን አቋርጦ የሚናገር የለም። ቄሱ መጽሐፉን ገልጠው ቆሙ፣ ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ሁለት ክፍለ ጊዜ አልሞላም፣ ግን ሕፃናት ማልቀስ እስኪጀምሩ ድረስ ነበር። እሱ ስሙን አልተናገረም። በሕይወቴ ዝም ማለት እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ከዚያ መነጽሩን አወለቅሁና በራሴ ድምፅ «እኔ ሹቫይ ነኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆሜአለሁ። አክስቴ ሎካዲያ ከ1988 ጀምሮ እንደቆመች ናት። ሌላ ማን አለ?» አልኩ።

ማንም አይመልስም ብዬ ነበር። ከጀርባ አንድ ድምፅ «ሲምባራሼ» አለ። ባለሱቁ። ዝናብ ያለኝ። ቆቡን በእጁ ይዞ ነበር።

ከዚያ ቀበርነው።

ማታ አባባ ለረጅም ጊዜ ምግባቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አሉኝ። «ነግሬዎት ነበር» አልኳቸው። «አልተሰማም» ብዬ ጨመርኩ። አባባ ተነስተው ወጡ። ጠዋት ዓይናቸው አብጦ ነበር፤ ለሳህዊራቸው ይሁን ለእኔ አልጠየቅኋቸውም። የእርስዎን ስልክ ቁጥር ግን ከደብተር ላይ አውጥተው አዩና መልሰው አኖሩት።

ይቅር አላልኩትም። ሰው ሁሉ ‘አሁን ቀለለሽ አይደል፣ ይቅር አልሽው አይደል’ ይለኛል። ቀሎኛል፤ ይቅር ግን አላልኩም። ደስ ብሎኛል። ደስ ማለቴ ኃጢአት ከሆነ ሰኞ ከአምቡያ ማሩቫ ጋር እንነጋገርበታለን፤ አሁንም እሄዳለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ሞተ ተብሎ ፍርሃት አብሮ አይቀበርም። ትናንት እንኳን አውቶቡስ ላይ «ወራጅ» ለማለት ሁለት ፌርማታ አልፌአለሁ።

ለሳህዊራ የሚገባውን ዕቃ ምረጪ ሲሉኝ ሁሉም ኮቱን ትወስዳለች ብለው ነበር። ወንበሩን ወሰድኩ። አሁን ግቢ ውስጥ ነው፣ ዶሮዎች ሰፍረውበታል። እሑድ እፈልጠዋለሁ። ሳድዛ እናበስልበታለን፣ እርስዎም እንደበሉ ይቁጠሩት።

ሹቫይ


ሌስተር፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2018

ለልጄ ለሹቫይ፣ ለቺሄራ ልጅ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ እፈልጠዋለሁ ያልሽው እሑድ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ወንበሩ ተርፎ እንደሆነ ብዬ ትናንት ለአባትሽ ደወልኩ። አዎ፣ እኔ። ሁለቴ ዘግቼ በሦስተኛው። «ማነው?» አለኝ፣ ድምፄን ረስቶታል። ስሜን ነገርኩት። «አልሰማሁም» አለ፣ መስመሩ ስለሚንሾካሾክ። ሹቫይ፣ ስልኩን ልጥለው ነበር። እግሬን መሬት ላይ አጠበቅሁና ምድር ቤቱ እስኪያስተጋባ «ሎካዲያ!» አልኩ። አብረውኝ የሚሠሩት ደንግጠው መቀስ ጣሉ። ወንድሜ አለቀሰ። ያልኩትን እንደነገረሽ ተስፋ አለኝ፤ ዝናቡ ስለዘነበ እንጨቱ አልደረቀም፣ ገና አልፈለጠችውም ብሎኛል።

ለአምቡያ ማሩቫ ንገሪያቸው፤ እዚህም አግዳሚ አለ። ሐሙስ ሐሙስ ነው፣ ለውዝ ግን የላቸውም።

በኦገስት እመጣለሁ፣ ትኬቱን ቆርጫለሁ። እስከዚያ ዶሮዎቹን አባሪና ወንበሩን ከጣራ ሥር አስገቢልኝ። አታቃጥይው። ያን ሁሉ ዓመት ቆሜበታለሁ፤ አንድ ቀን በሰው ሁሉ ፊት፣ እግሬን ዘርግቼ ልቀመጥበት።

አክስትሽ ሎካዲያ